ግማሽ መርዶ

ስሚል ከሀንጋሪ የተመለሰው መርዶው ተነግሮ፣ ለቅሶው አልቆ፣ ጋሻውም በመሠዊያው ፊት ተሰብሮ ካበቃ በኋላ ነው። ኦፍካ ከግንቡ ጀርባ ባለው የአትክልት ቦታ ቀፎዎቹን ለብርዱ ወራት በጭድ እየሸፈነች ነበር። የአጥሩ በር ሲጢጥ ሲል ቀና አለች። መጀመሪያ የለየችው አረማመዱን ነው፤ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ጣል ያደርጋል፣ መራመድ ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ እንዲያ ነው። ጭዱ ከእጇ ወደቀ።

«አንተ» አለች።

«እኔ ነኝ። ምነው አፈጠጥሽብኝ? የሚበላ ነገር የለሽም?»

ሄዳ አቀፈችው። ካባ አልደረበም። ልብሱ ይቀዘቅዛል፤ ከልብሱ ሥር ያለው ገላም ይቀዘቅዛል። ከመንገድ ስለ መጣ ነው አለች በልቧ።

«ሞተሃል ብለውን እኮ ነው።»

«ማን አላችሁ?»

«አብሮህ የዘመተው ራትሴክ። ረግረጉ ሲውጠው በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ካባህን ይዞ መጣ።»

«ረግረጉስ ውጦኝ ነበር» አለ ስሚል እየሳቀ። «አልጣምኩትም መሰለኝ፣ ተፋኝ። ራትሴክ ለካባዬ የሮጠውን ያህል ለእኔ ቢሮጥ ኖሮ ይህን ሁሉ አገር በእግሬ ባላቋረጥኩ።»

ወደ ወጥ ቤት ሲያልፉ የግቢው ውሻ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ነበር። ቄሱንም ዓሣ ጫኞቹንም ሳይለይ የሚናከስ ውሻ ነው። ስሚል ስሙን ጠራውና በላዩ ተራመደ። ውሻው ጆሮውን እንኳ አላነሣም። ኦፍካ ያን ጊዜ ዞር ብላ ቀፎዎቹን አየቻቸው። መርዶውን ከነገረቻቸው ቀን ጀምሮ ንቦቹ ድምፅ የላቸውም። ሲወጡና ሲገቡ፣ ማር ሲሠሩም ከርመዋል፤ ድምፅ ግን የላቸውም።

ኦፍካ የስሚልን እናት ቤት የምታገለግለው በውርስ ነው ማለት ይቻላል። ስሚልን ያጠባችው የእሷ እናት ናት፤ ሁለቱ አንድ ጡት ጠብተው አድገዋል። ከዚያ በላይ ግን እናቷ ያወረሰቻት አንድ ሥራ አለ፤ የቤቱ ጌታ ሲሞት መርዶውን መንገር። ለሰው አይደለም፤ ለሰው ቄሱ ይነግራል። እሷ የምትነግረው መጀመሪያ ለንቦቹ፣ ቀጥሎ በጋጣ ላሉት ከብቶች፣ በመጨረሻ ግድቡ ላይ ቆማ ለውሃው ነው።

ለንብና ለከብት መንገር በአገሩ ሁሉ ያለ ልማድ ነው። ለውሃ የሚነገረው በራዶቪን ብቻ ነው። የራዶቪን ጌቶች አባት ቦሁሽ ወደዚህ ሸለቆ ሲመጣ ከአንድ ፈረስና ከአንድ ጋሻ በቀር ምንም አልነበረውም። ሸለቆውን ንጉሡ ሰጠው፤ በሸለቆው ውስጥ ግን መንደር ነበር። ቦሁሽ ግድብ አሠራ። ውሃው ተጠራቅሞ መንደሩን ሸፈነ፣ በውሃው ውስጥ ዓሣ ረባ፣ ዓሣው በበርሜል ወደ ከተሞቹ ተጫነ፤ ግንቡም፣ ከግንቡ ወዲያ ያሉት ርስቶችም፣ በንጉሡ ማዕድ ላይ ያለው ወንበርም የመጡት ከዚያ ነው። የመንደሩ ሰው ውሃው ሳይመጣ ወደ ዳገቱ ወጣ። አንዲት ባልቴት ብቻ ከምድጃዬ አልነሣም አለች። ቦሁሽ ራሱ ደጃፏ ሄዶ ለመናት።

«የጌታዬን ስም ሳላውቅ ቤቴ ውሃ አላስገባም» አለችው።

«ቦሁሽ ነኝ» አላት። «ከእኔ በኋላ የሚመጣውንም ሁሉ እየመጣን እንነግርሻለን።»

ውሃው ሲመጣም አልተነሣችም ይባላል። ኦፍካ የዚያች ባልቴት የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ቃሉን ከእናቷ ተምራዋለች፤ አጭር ነው፤ «ጌታችሁ እገሌ ሞተ፤ ጌታችሁ እገሌ ነው።» በሁለቱ መካከል አትተንፍሺ ትላት ነበር እናቷ። ለምን ብላ ስትጠይቃት ግን እናቷም አታውቅም።

ቃሉ ከቦሁሽ ወደ ቼኔክ፣ ከቼኔክ ወደ ሂኔክ ሲተላለፍ መሬቱ እየሰፋ ሰዉ እየሳሳ ሄደ። የሂኔክን ታላላቅ ልጆች አንዱን ጦር፣ አንዱን ወረርሽኝ በላቸው። ስሚል ብቻ ቀረ፤ ገና ሚስት ሳያገባ ዘመተ። ራትሴክ ካባውን ይዞ በመጣ ጊዜ እናቱ ወይዘሮ ሽኮንካ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ በኋላ «የሞተ ልጄን እንደ ቆመ ሰው አላቆየውም» አለች። ባዶ የሬሳ ሣጥን በጸሎት ቤቱ ተቀመጠ። የመጨረሻው ወንድ ሲሞት እንደሚደረገው ጋሻው ተሰበረ፣ ማኅተሙ በመዶሻ ተቀጠቀጠ፣ ቄሱም ከዛሬ ወዲህ ራዶቪን የሚባል ጌታ የለም ብሎ አወጀ። ኦፍካ ወደ ንቦቹ ሄደች። «ጌታችሁ ስሚል ሞተ» አለች። ቀጥሎ የሚባል ስም አልነበረም። አፏን ከፍታ ቆመች። የንቦቹ ድምፅ ቆመ። ከብቶቹም ዘንድ፣ ውሃውም ዘንድ ያንኑ ግማሽ ብላ ተመለሰች።

አሁን ግን ሞተ ያለችው ሰው ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወጥ ሠሪዋ ቮርሺላ ስታየው ጭልፋው ከእጇ አምልጦ ወደቀ፤ አማተበች።

«ለነፍስህ ያቃጠልኩትን ሻማ ማን ሊመልስልኝ ነው?» አለችው።

«ነፍሴ ይሞቃት ነበር፤ ባክሽ አትቆጪ። ሾርባ ስጪኝ።»

የጎመን ሾርባ በጥቁር ዳቦ አቀረበችለት። ሳህኑ ከድስቱ ሲወጣ ይጨሳል፤ ስሚል ፊት ሲቀመጥ ጭሱ ተቆረጠ። በላ፣ ደገመ፣ አሁንም ደገመ።

«ሞቷል አላችሁኝ» አለ እየጎረሰ። «ሞት እንዲህ ያስርባል እንዴ?»

ወይዘሮ ሽኮንካ በዱላዋ እየተደገፈች ወረደች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ፊቱን በእጆቿ ይዛ ለብዙ ጊዜ አየችው። «ከስተሃል» አለችው። አልጋውን እንዲያነጥፉለት አዘዘች።

በማግስቱ ጠዋት ቮርሺላ ሳህኖቹን ስትደረድር የስሚል የለም።

«የስሚልስ?» አለች ኦፍካ።

«ነፍሱን ይማረው። ምነው በጠዋቱ ሆዴን ታባቢኛለሽ?»

ስሚል ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ቮርሺላ ዞር ብላ አየችው። ጭልፋው ከእጇ አምልጦ ወደቀ፤ አማተበች። «ለነፍስህ ያቃጠልኩትን ሻማ ማን ሊመልስልኝ ነው?» አለችው። ቃሉም፣ ድምፁም፣ የራሷ አነቃነቅም የትናንቱ ነበር። ስሚል መጀመሪያ ሳቀ። ኦፍካን አያትና ሳቁን ተወው። ትንሽ ቆይቶ ወይዘሮ ሽኮንካ በዱላዋ እየተደገፈች ወረደች፤ ፊቱን በእጆቿ ያዘች።

«ከስተሃል» አለችው።

በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። ቀን ቀን ያውቁታል፣ ያናግሩታል፣ ይቀልዱበታል፤ አንድ ሌሊት ካለፈበት ይሞትባቸዋል። ስሚል በጸሎት ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያየው ቄሱ ለነፍሱ ቀደሰ። የማትረሳው ኦፍካ ብቻ ናት፤ ቃሉ የወጣው ከእሷ አፍ ስለሆነ ይሆናል። እሱም እየባሰበት ሄደ። ምግብ አያጠግበውም። በውርጭ ከውጭ ሲገባ ጸጉሩ ላይ የያዘው አመዳይ እሳት ዳር ተቀምጦ እስኪመሽ አይቀልጥም። ኦፍካ አንድ ቀን በመዳፏ ልታራግፈው ሞከረች፤ የእሷ ጣቶች ደነዘዙ እንጂ አመዳዩ አልረገፈም።

ነገሩን ለወይዘሮ ሽኮንካ ነገረቻት። ጠዋት ጠዋት ትረሳለች፣ ቀን ላይ ግን እንደ እሷ ያለ ብርቱ ሰው በግንቡ የለም።

«የንጉሡ ሹም በቅዱስ ማርቲን በዓል ይመጣል» አለች ወይዘሮዋ። «ወራሽ የሌለውን ቤት ለንጉሡ ሊረከብ ነው። ልጄን በዓይኑ ካላየው፣ አይቶም ካደረ በኋላ ካላስታወሰው፣ ቤቱ አበቃለት። ቤቱስ ይቅር። ልጁ እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም፣ እመቤቴ።»

«መልሺዋ። አንቺ ያልሽውን አንቺ መልሺ።»

«መርዶ አይመለስም። እናቴም እንዴት እንደሚመለስ አላስተማረችኝም።»

«ምን ብለሽ ነበር የነገርሻቸው? ልክ እንዳልሽው በይልኝ።»

ኦፍካ ነገረቻት። ወይዘሮዋ ዓይኖቿን ጨፍና ሰማች።

«ታዲያ ግማሹን ነው የነገርሻቸው» አለች። «ጌታ ሞተ ብለሽ ጌታ አልሰጠሻቸውም። ሄደሽ ጨርሺ።»

«የማንን ስም ልበል?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ኦፍካ ከዚያ በቀጥታ ወደ ንቦቹ አልሄደችም። ወደ ግድቡ ወረደች። ዓሣ የሚወጣበት ወር ስለሆነ ውሃው በከፊል ተለቋል፤ ዳርቻው ጭቃ ብቻ ነው። የኩሬው ጠባቂ ሽማግሌው ቫኔክ በወፍራም ቦት ጫማ ጭቃ ውስጥ ቆሞ መረብ ያጥባል።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?» አላት። «የተቀቀለ ዓሣ መስለሻል።»

«አባባ ቫኔክ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው የራሱ ወራሽ ነው ተብሎ ቢነገር ምን ይሆናል?»

ስለ ስሚል ነገረችው። እሱም ትናንት አይቶት ዛሬ የረሳው ነው፤ ግን አልተጠራጠራትም። መረቡን ግንድ ላይ ዘረጋና ግድቡ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ ሂኔክን በልጅነቱ ያውቀው ነበር» አለ። «ከእኛ ቤት ልጆች ጋር ዓሣ ሲያወጣ፣ ጭቃ ሲራጭ የሚውል ቀልደኛ ልጅ ነው አሉ። ቼኔክ ሞቶ መርዶው በተነገረ ማግስት አባቴ ሰላም ሲለው፣ ‹ማን ነበርክ አንተ?› አለው።»

«ጌትነት ነዋ። ኩራት።»

«ሁሉም እንዲያ ነው ያለው። በቼኔክም ጊዜ እንዲያ ብለዋል አሉ። ራዶቪኖች ጌታ ሲሆኑ ይኮራሉ፣ ወዳጅ አያውቁም ተባለ።» ወደ ውሃው በአገጩ ጠቆመ። «እኔ የሚመስለኝ ግን እዚያ ታች ያለችው ናት። አዲስ ጌታ ሲሰጧት ከድሮ ትዝታው የሆነ ነገር ትወስድበታለች። ከሌሎቹ የወሰደችው ጥቂት ነው፤ ሟቹ ሌላ ሰው ነበርና። የዚህ ልጅ ግን ሟቹም ራሱ፣ ወራሹም ራሱ።»

«ሁሉን ነገር ትወስድበታለች እያሉኝ ነው?»

«እኔ ዓሣ ጠባቂ ነኝ፣ ልጄ። ምኑን አውቃለሁ? ጠየቅሽኝ፣ ተናገርኩ።»

ስሚልን ያገኘችው የከብቶቹ ጋጣ ውስጥ፣ ከላሞቹ መካከል ተቀምጦ ነው። እዚያ ይሞቃል ብሎ ነው፤ አልሞቀውም። ቫኔክ ያላትን አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«ትናንት እጄን እሳት ውስጥ ከተትኩት» አላት ሰምቶ ሲጨርስ።

«ከዚያስ?»

«ምንም።» እጁን አሳያት፤ ምንም አልነበረበትም። «ንገሪያቸው።»

«ሁላችንንም ብትረሳስ?»

«እናንተ በየጠዋቱ ትረሱኝ የለም እንዴ? ለእኔም ተራ ይድረሰኝ እንጂ።»

«ቀልድ አይደለም፣ ስሚል።»

«አውቃለሁ።» አንዲት ላም አንገቷን ልታሽ መጣችና በእሱ በኩል ያለውን ግንድ ታከከች፤ እሱ እንደሌለ ሁሉ። ስሚል ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። «ርቦኛል፣ ኦፍካ። ሌላ የማስበው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። እናቴን አደራ።»

በማግስቱ ጉም ነበር። ኦፍካ ጸጉሯን ሸፍና ወደ ቀፎዎቹ ሄደች፤ በጣቷ አንኳኳች።

«ጌታችሁ ስሚል ሞተ ጌታችሁ ስሚል ነው።»

አልተነፈሰችም። ከጭዱ ሥር መጀመሪያ አንድ ቀፎ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሁሉም ማጉረምረም ጀመሩ። ጋጣ ገብታ ለከብቶቹ ነገረቻቸው፤ ማመንዠካቸውን አቁመው ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ከዚያ ወደ ግድቡ ወረደች። ውሃው በመጉደሉ መካከል ላይ የጥቁር ድንጋይ ምድጃ ጫፉ ይታያል። ፊቷን ወደዚያ አድርጋ ቃሉን አለች።

ነፋስ አልነበረም። ከምድጃው ዙሪያ አንድ ቀጭን ማዕበል ተነሣ፤ እየሰፋ መጥቶ የግድቡን ድንጋይ፣ የጫማዋንም ጫፍ ነካ። ማዕበል ዳር ሲደርስ ይሞታል፤ ይህ ግን ተመለሰ። እየጠበበ፣ እየጠበበ ወደ ምድጃው ሄዶ ገባ። ከኋላዋ ከግንቡ በኩል ውሻው ሲጮህ ሰማች። ማንንም ሊያስገባ እንደማይፈልግ አድርጎ ይጮሃል።

ሮጣ ወጥ ቤት ደረሰች። ስሚል ከምድጃው ርቆ ተቀምጧል፤ ፊቱ ቀልቷል፣ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ከፊቱ ያለው ሾርባ ይጨሳል። አጋምሶ ትቶታል፤ ጠግቧል።

«ነይ እዪው ጉድሽን» አለች ቮርሺላ ወገቧን ይዛ። «ጌታዬ ስሚል ትናንት ከጦርነት መጥቶ ዛሬ ስምሽ ማን ነው ይለኛል። እኔ ነኝ ያሳደግሁህ ብለው፣ ሾርባሽ ጥሩ ነው አለኝ። ሀንጋሪ ሄዶ ቀልድ ተማረ።»

ስሚል ኦፍካን ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ ጥሩ ዓይኖች ነበሩ፤ ደግ፣ ንጹሕ፣ ምንም የሌለባቸው።

«ይቅርታ፣ እመት» አላት። «እርስዎም የዚህ ቤት ሰው ነዎት?»

«አዎን ጌታዬ» አለች ኦፍካ።

እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል ድረስ በየቀኑ አጠገቡ እየተቀመጠች ነገረችው። ስለ ቦሁሽ፣ ስለ ግድቡ፣ ስለ አባቱ ስለ ሂኔክ፣ ስለ ወንድሞቹ። ሳማ ውስጥ ጥላው እናቷ እንዴት እንደ ገረፈቻት ነገረችው። የሌላ አገር ወሬ እንደሚሰማ ሰው በትሕትና ይሰማታል፣ በሚያስቀው ቦታ ይስቃል። እናቱን ሲያያት ተነሥቶ ይቀመጡ ይላታል። ወይዘሮ ሽኮንካ አሁን ፊቱን በእጆቿ አትይዝም፤ አንድ ጊዜ ሞክራ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ስለ መለሰ።

የንጉሡ ሹም ቦርዢታ ከሎሌዎቹ ጋር መጣ። ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው። ስሚልን አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ሲያየው ጓንቱን ሳያወልቅ ቀረ።

«እኔ እኮ ሞቷል ተብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ይህን ሁሉ ጭቃ የረገጥኩት ለባለ ሕይወት ነው? ይሁን፤ የበዓሉን ዝይ ከበላሁ አልቆጭም። ከማዕዱ በፊት ግን ጋሻው ስለ ተሰበረ መሐላ ያስፈልጋል። አጭር ነው።»

ቄሱ መስቀሉን አመጣ። ስሚል እጁን ጫነበት። እናቱ በቀኙ፣ ኦፍካ ከሰዎቹ መካከል በሩ ዘንድ ቆመው ነበር።

«አንተ የራዶቪኑ የሂኔክ ልጅ ስሚል ነህ?»

ስሚል ወደ ወይዘሮ ሽኮንካ አየ፣ ወደ መስቀሉ አየ።

«ስሜ ስሚል ነው» አለ። «ሂኔክ የሚባል ሰው ግን አላውቅም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው? አባትህ ነው እኮ።»

«እንደዚያ ነግረውኛል። እኒህ ወይዘሮም ልጄ ይሉኛል፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ሲያዝኑ ማየት አልፈልግም። በመስቀል ላይ ግን የማላውቀውን አልምልም።»

ቦርዢታ ሳቁ ጠፋበት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ አዎን ማለት ብቻ ነው» አለው። «እነዚህ ሁሉ ያውቁሃል። እኔም በወጣትነቱ አባትህን አይቼዋለሁ፣ ቁርጥ እሱን ነህ። አዎን በልና እንብላ።»

«ብዋሽ ደስ ይልዎታል?»

ቮርሺላ በሽርጧ አፏን ሸፈነች። ኦፍካ ወይዘሮዋን አየቻት፤ ልጇን ትገሥጸው እንደሆን፣ ትለምነው እንደሆን። ወይዘሮ ሽኮንካ ግን የልጇን እጅ ነበር የምታየው። መስቀሉን የያዘው እጅ ሞቆ ነሐሱ ላይ እንፋሎት ትቶ ነበር።

«ተወው፣ ሹም» አለች። «አላውቅም ካለ አያውቅም።» የግንቡን ቁልፎች ከመታጠቂያዋ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

ከማዕዱ በኋላ ስሚል ሊሄድ መሆኑን ተናገረ። የትም ሊሄድ ይችል ነበር፤ ወደ ደቡብ አለ፣ በዚያ በኩል ሰማዩ ጠርቶ ስላየው። ኦፍካ ስንቅ ቋጠረችለት፤ የዝይ እግር፣ ዳቦ፣ ከራሷ ቀፎ የተቆረጠ ማር። የቮርሺላን ባል አሮጌ ካባ ደረበችለት። እስከ ግድቡ ድረስ ሸኘችው። ዓሣ ጫኞቹ በርሜሎቹን ጋሪ ላይ እያወጡ ይሰዳደባሉ፤ እሱ እየተገረመ ቆሞ አያቸው።

«ይህ ውሃ የማን ነው?» አላት።

«ከዛሬ ጀምሮ የንጉሡ ነው።»

«ቀዝቃዛ ይመስላል» አለ። ስንቁን ተቀብሎ አመሰገናትና መንገዱን ያዘ። ግራ እግሩን ወደ ውጭ አይጥልም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ቀጥ ብሎ ይራመዳል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ዞር አላለም፤ የሚዞርበት ምክንያት አልነበረውም።

ኦፍካ ስትመለስ ወይዘሮ ሽኮንካ በላይኛው ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ሎሌዎቹ ታች የዕቃ ሣጥኖች ይጎትታሉ። ወይዘሮዋ ዞር ሳትል፣ «ሄደ?» አለች።

«ሄደ፣ እመቤቴ።»

«በልቷል?»

«በልቷል። ዝይውን ሲበላ ጠገብኩ ብሎ ነው የገፋው።»

«ብርድስ?»

«ዳገቱን ሲወጣ ካባውን ሲያወልቅ አየሁት። አልቦት ነበር።»

ወይዘሮ ሽኮንካ ራሷን ነቀነቀች። ቀሚሷን ሰብስባ ለኦፍካ በወንበሩ ላይ ቦታ ለቀቀችላት፤ ኦፍካም ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች።